ፍሩሽካ የበዛበት መኖና ኢንዛይም

በቆሎ ሲወደድ የዶሮ አርቢ እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ፍሩሽካና ወደ ኑግ ፋጉሎ ነው። ሁለቱም ከበቆሎ የበለጠ ፕሮቲን አላቸው። ችግሩ አሰራቸው ነው፤ በቆሎ ውስጥ ከ2 እስከ 3 በመቶ የሆነው አሰር (ፋይበር) ፍሩሽካ ላይ 10 በመቶ ገደማ ይደርሳል፣ ኑግ ፋጉሎ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ15 በመቶ ያልፋል። ላም ይህንኑ በልታ ትታለባለች፤ ሆዷ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ያብላሉላታል። የሥጋ ዶሮ ግን የበላችው በጥቂት ሰዓት ውስጥ አልፎ ይወጣል፤ አሰር የሚሰብር የራሷ ኢንዛይምም የላትም።

አሰሩ እንዳለ ቢወጣ ብቻ ኖሮ ባልከፋ። በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው የሚሟሟ አሰር አንጀት ውስጥ እንደ ተልባ ውሃ ይዝለገለጋል። ያኔ ምግቡ በደንብ አይፈጭም፣ ኩሱ ይረጥባል፣ ጉዝጓዙ ይጣበቃል፣ ቤቱ ሲከፈት አሞኒያው ዓይን ይቆጠቁጣል፤ ጫጩቶች ደግሞ ከትልልቆቹ ይበልጥ ይጎዳሉ። የፍሩሽካ አሰር በአብዛኛው አይሟሟም፤ የእሱ ጥፋት ስታርችና ፕሮቲኑን በውስጡ አሽጎ ማስቀረቱ ነው።

ዛይላኔዝ የሚባለው ኢንዛይም የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። የስንዴንና የፍሩሽካን አሰር ይቆራርጣል፣ ዝልግልግነቱን ይቀንሳል፣ የታሸገውንም ይፈታል። ለገብስ የሚሆነው ቤታ ግሉካኔዝ ነው። ኑግ ፋጉሎ ላይ ግን ብዙ ተስፋ ባንጥል ይሻላል፤ እንጨት የመሰለውን ሊግኒን እነዚህ ኢንዛይሞች አይነኩትም። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ «መልቲ ኢንዛይም» የሚል ስላለ ብቻ መግዛት አያዋጣም፤ ውስጡ ምን እንዳለና መኖው ከምን እንደተሠራ ማስተያየት ያስፈልጋል።

ፋይቴዝ ሥራው ሌላ ነው፤ አሰር አይሰብርም። በእህልና በፋጉሎ ውስጥ ካለው ፎስፈረስ ሁለት ሦስተኛው ያህል ፋይቴት በሚባል ውህድ ስለተያዘ ዶሮዋ እምብዛም አትጠቀምበትም። ፍሩሽካ ደግሞ በፋይቴት ብዛቱ የታወቀ ነው። በኪሎ መኖ 500 ዩኒት ፋይቴዝ የተለመደ መጠን ሲሆን፣ የታሰረውን ፎስፈረስ ስለሚፈታ ለዚሁ ማሟያ ተገዝቶ የሚጨመረውን ዲካልሲየም ፎስፌት ይቀንሳል። እኔ ብጠየቅ፣ ፍሩሽካ ለሚያበዛ አርቢ ከሁሉም በፊት የማስበው ፋይቴዝን ነው።

ብዙው ገንዘብ የሚባክነው አደባለቅ ላይ ነው። ለአንድ ቶን 100 ግራም የሚታዘዝ ዱቄት ለኩንታል 10 ግራም ብቻ ነው። ይህ በቀጥታ ክምሩ ላይ ተነስንሶ በአካፋ ቢገለበጥ፣ አንዷ ዶሮ ታገኛለች፣ ሌላዋ ባዶዋን ትቀራለች። መጀመሪያ ከአንድ ኪሎ የበቆሎ ዱቄት ጋር፣ ቀጥሎ ከ10 ኪሎ መኖ ጋር፣ በመጨረሻ ከቀሪው ጋር ማዋሃድ ይሻላል። መኖው በእንፋሎት ወደ እንክብል (ፔሌት) የሚቀየር ከሆነም ከ80 ዲግሪ በላይ ሙቀት ብዙውን ኢንዛይም ያበላሻል፤ ሙቀት የሚቋቋመውን መምረጥ ግድ ነው።

በቆሎና አኩሪ አተር በበቂ ባለበት ጥሩ መኖ ላይ ኢንዛይም እንዲሁ ቢጨመር ጥቅሙ ላይታይ ይችላል። ጥቅሙ የሚታየው ቀመሩ ሲስተካከል፣ ለምሳሌ ዘይቱ ወይም ዲካልሲየም ፎስፌቱ ሲቀነስ ነው። ለማረጋገጥ በአንድ ቀን የተፈለፈሉ ጫጩቶችን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ወገን ብቻ ኢንዛይም መስጠት፣ የበሉትንና የጨመሩትን ክብደት መዝኖ ለአንድ ኪሎ ጭማሪ ስንት ብር መኖ እንደወጣ ማስላት ነው። የኢንዛይሙ ዋጋም አብሮ ይደመር።