ትልቁ ዓሣ ለጦር የሚቀርበው መቼ ነው?

ክረምቱ ገፍቶ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ውኃቸው ከወንዙ ወጥቶ በፎገራ ሜዳ ላይ ይተኛል። በበጋ ከብት የሚሰማራበት መስክ ለሳምንታት ኩሬ ይሆናል። ውኃውን ተከትሎ ከጣና የሚወጣው አምባዛም ጉልበት በማይደርስ ጥልቀት፣ በሣሩ መካከል ጀርባውን እያሳየ ይጓዛል። በሌላ ጊዜ ታንኳና መረብ የሚጠይቀው ዓሣ በዚህ ወቅት በራሱ ፈቃድ ወደ ሰው ደጃፍ የመጣ ይመስላል። ጦር ወይም ዱላ ለያዘ ሰው ከዚህ የቀለለ አጋጣሚ የለም።

ዓሣው ወደ ሜዳው የሚወጣው ግን ለመራባት ነው። ስለዚህ ትልቁን ዓሣ ለመቅረብ የሚረዳው ዕውቀትና ዘሩን ለማትረፍ የሚረዳው ዕውቀት የሚነሡት ከአንድ ቦታ ነው፤ የዓሣውን ጠባይ ከማወቅ።

የዓሣ ጆሮ ከውጭ አይታይም እንጂ ዓሣ ይሰማል። ከዚህም ሌላ ከስንጥቡ አንሥቶ እስከ ጅራቱ በጎኑ በተዘረጋው መስመር የውኃን ጥቃቅን እንቅስቃሴ ይለያል። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በአየር ውስጥ ካለው ፍጥነት ከአራት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። በዳር ቆመው በዝግታ የሚነጋገሩ ሰዎች ብዙም አያስደነግጡትም፤ ድምፃቸው አብዛኛው ከውኃው ገጽ ላይ ነጥሮ ይመለሳልና። መሬቱን የሚመታ እርምጃ ግን በአፈሩ በኩል አልፎ ወደ ውኃው ይገባል። በዚህ ምክንያት በውኃ ውስጥ የሚሄድ ሰው እግሩን እያነሣ ከመጣል ይልቅ ከሥር እያንሸራተተ፣ ጥቂት ተራምዶ ረዘም ላለ ጊዜ እየቆመ መሄድ ይኖርበታል። የጣና የደንገል ታንኳም በዚህ ረገድ ከእንጨትና ከብረት ጀልባ ትሻላለች፤ ለስላሳው ደንገል ሲነካ አይጮኽምና። ታንኳን በመሥራትና በመቅዘፍ የሚታወቀው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ በቀደመው ዘመን ጉማሬን ሳይቀር በጦር ያድን የነበረው በዚህችው ታንኳ ነው።

ማየትን በተመለከተ ዓሣው ከሰው የተለየ ዓለም አለው። ብርሃን ከአየር ወደ ውኃ ሲገባ ስለሚታጠፍ፣ ዓሣ ከውኃው በላይ ያለውን ነገር ሁሉ የሚያየው ከራሱ በላይ በተከፈተ አንድ ክብ መስኮት ውስጥ ተጨምቆ ነው። ከክቡ ውጭ ያለው የውኃ ገጽ ከሥር ሲታይ እንደ መስተዋት ያንጸባርቃል። ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው በመስኮቱ ውስጥ ጎልቶ ይገባል፤ ያጎነበሰ ሰው ግን በጠርዙ ላይ ተጣብቆ ደብዝዞ ይታያል። ጥላም ከሰውየው ቀድሞ ይደርሳል፤ ስለዚህ ፀሐይን በጀርባ አድርጎ መቅረብ አይመከርም። በወራጅ ውኃ ውስጥ ዓሣ ፊቱን ውኃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ አዙሮ ስለሚቆም፣ ከታች ወደ ላይ፣ ማለትም ከጅራቱ በኩል መቅረብ ይሻላል። ቀጥታ ከኋላው ያለውን አያይምና። የክረምቱ ውኃ ደፍርሶ ቡናማ ሲሆን ደግሞ ዓይን ለሰውም ለዓሣውም እምብዛም አይጠቅምም፤ ያን ጊዜ የሚታየው ዓሣው ራሱ ሳይሆን ነፋስ ሳይኖር የሚወዛወዝ ሣር ነው። በጋምቤላ በባሮ ዳርቻ ረግረጎች ጦርን ለዓሣ የሚጠቀሙት አኝዋኮችና ኑዌሮችም በደፈረሰ ውኃ ላይ የሚመሩት በዚሁ ዓይነት ምልክት ነው።

ከሁሉ በላይ ጀማሪዎችን የሚያሳስተው ዒላማው ነው። በውኃ ውስጥ ያለ ዓሣ ሲታይ ካለበት ቦታ ከፍ ብሎ ይታያል። በአንድ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ዓሣ ቀጥታ ከላይ ሲመለከቱት በ75 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለ ይመስላል፤ በአግድም ሲመለከቱት ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። ያየውን ቦታ የሚወጋ ሰው ከዓሣው በላይ ያልፋል። ስለዚህ ከሚታየው ዝቅ አድርጎ መውጋት፣ ከዚህም የተሻለው ደግሞ የጦሩን ጫፍ አስቀድሞ በዝግታ ውኃ ውስጥ አስገብቶ ወደ ዓሣው ማስጠጋት ነው። ጫፉም ዓሣውም በውኃ ውስጥ ሲሆኑ ዓይን የሚያታልለው ሁለቱንም እኩል ስለሆነ ርቀቱን በትክክል መገመት ይቻላል፤ የጦሩ መንቦራጨቅም ይቀራል። ወደ ኋላ የታጠፈ ጥርስ የሌለው ጦር ዓሣውን አቁስሎ ይለቀዋል። ቆስሎ ያመለጠ ዓሣ ደግሞ ለማንም አይሆንም።

ዓሣን ወደ ራስ መሳብስ? አምባዛ ለዚህ የተመቸ ነው። በአፉ ዙሪያ የተንጠለጠሉት ጢሞቹ በጨለማና በጭቃ ውስጥ የሚቀምሱ፣ የሚዳስሱ ጣቶቹ ናቸው፤ ምግቡን የሚያገኘው በአብዛኛው በእነርሱና በማሽተት ነው። ሽታው የሚበረታ ነገር፣ ለምሳሌ የእርድ ተረፈ ነገር፣ ወራጁ ወደ ታች በሚያደርሰው ቦታ ላይ ጥቂት በጥቂት ቢለቀቅ ሽታውን ተከትሎ ወደ ላይ ይመጣል። ብዙ መጣል ስሕተት ነው፤ የጠገበ ዓሣ አይቀርብም፣ ውኃውም ይበላሻል። አምባዛ በስንጥቡ ብቻ ሳይሆን ከአየርም ስለሚተነፍስ በየተወሰነ ጊዜ ወደ ላይ ብቅ ማለቱ አይቀርም። ብቅ ያለበትን ቦታ አይቶ በትዕግሥት የሚጠብቅ ሰው ያለ ምንም ማባበያ ሊያገኘው ይችላል።

በአንዳንድ ወንዞች የብርብራ ፍሬ ተፈጭቶ ውኃ ውስጥ የሚጨመርበት ልማድ ግን ከማባበል ጋር ሊቆጠር አይገባውም። ፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር የዓሣው ሰውነት ኦክስጅንን እንዳይጠቀም ያግዳል። ትልቁም ትንሹም፣ ገና የተፈለፈለውም እኩል ያልቃል። አንድ ትልቅ ዓሣ ፈልጎ የሚመጪዎቹን ዓመታት ዓሣ ሁሉ መግደል ማለት ነው። ጦር ቢያንስ የሚነካው ያየውን አንዱን ብቻ ነው።

ወጣቶች በስልካቸው የሚመለከቱት ሌላ ዓይነት አደንም አለ። በጠራ ባሕር ውስጥ ጠላቂዎች ትንፋሻቸውን ይዘው ከታች ድንጋይ ተጠግተው ይተኛሉ፤ ዓሣውን ትኩር ብለው አያዩም፣ አረፋ አይለቁም፤ ጥቂት አሸዋ በመበተን ወይም የሚያብረቀርቅ ነገር በማንጠልጠል የትልቁን ዓሣ የማወቅ ጉጉት ያነሣሣሉ። ዘዴው የሚሠራው ዓሣው ከሩቅ ማየት በሚችልበት ውኃ ነው። ጣና በአማካይ ስምንት ሜትር ገደማ ብቻ ጥልቀት ያለው፣ ነፋስ ባወከው ቁጥር ጭቃው የሚነሣ ሐይቅ ነው፤ ከወንዞቹ የሚገባው ደለልም አለ። ዘዴው እዚህ ብዙ አይረዳም፤ አደጋው ግን አይቀንስም። በዳርቻው የቢልሃርዝያ በሽታ አለ፤ ጉማሬም አለ። ከመጥለቅ በፊት ደጋግሞ በፍጥነት መተንፈስም የአየር ጥማቱን ያዘገየዋል እንጂ ኦክስጅን ይህን ያህል አይጨምርም፤ ዋናተኛው ሳይታወቀው በውኃ ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ብቻውን ለሚጠልቅ ሰው ይህ ሞት ነው።

አምባዛ ሜዳውን ሲመርጥ ነጭ ዓሣ የሚባለው ደግሞ ወንዝ ይመርጣል። የጣና ነጭ ዓሣ አንድ ዓይነት አይደለም። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሐይቁን ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ስለለየው፣ በዓለም በሌላ ቦታ የማይገኙ ከአሥር በላይ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች እዚሁ ተፈጥረዋል። ከእነዚህ በርካቶቹ ከሐምሌ ጀምሮ ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭንና ሌሎችንም ገባር ወንዞች በሚቀላቀሉበት አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያም ወደ ላይ ወጥተው የጠራና ፈጣን ውኃ በሚያልፍበት ጠጠር ላይ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። በዓመት የሚራቡት አንድ ጊዜ፣ በእነዚህ ወራት ነው።

ከወንዙ አፍ ላይ የሚጠብቅ ሰው ማባበያ አያስፈልገውም፤ ትልቁ ዓሣ ሌላ መንገድ የለውም። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በጣና በዘመናዊ መረብና በሞተር ጀልባ ማሥገር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ገደማ ሲሆን፣ መረቦቹ በክረምት የሚዘረጉት ዓሣው በሚከማችባቸው የወንዝ አፎች ላይ ሆነ። በሐይቁ ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ውስጥ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ነጭ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። በዐሥር ዓመት ውስጥ ነው። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም መውጣቱ ይታወሳል፤ በእያንዳንዱ ወንዝ አፍ ላይ በሌሊት የሚዘረጋን መረብ መቆጣጠር ግን የወረቀት ሥራ አይደለም። ወንዙን ለመስኖ መጥለፍና ከወንዙ አሸዋና ጠጠር ማውጣትም ዓሣው ዕንቁላሉን የሚጥልበትን ቦታ ያሳጡታል።

ጦር ከመረብ ጋር ሲነጻጸር ጉዳቱ ትንሽ ነው ማለት ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ጦር የሚመርጠው ትልቁን ነው፤ በክረምት ትልቁ ደግሞ በአብዛኛው ዕንቁላል የያዘችው እናት ናት። አንዲት ትልቅ አምባዛ በሆዷ በዐሥር ሺዎች የሚቆጠር ዕንቁላል ትይዛለች። ከሐምሌ እስከ መስከረም በሜዳውም ሆነ በወንዙ አፍ ጦርን መስቀል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ማሥገር የሚከፈል ትንሽ ዋጋ ነው።

የከተማው ነዋሪም በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። በጾም ዓሣ የሚመገቡ ሰዎች ስላሉ በፍልሰታ ጾም ገበያው ይነቃቃል፤ ፍልሰታ የሚውለው ደግሞ በነሐሴ፣ ነጭ ዓሣ ወንዝ በሚወጣበት ወር ነው። ገዢ በዚህ ወቅት ሆዱ የተነፋ፣ ሲቀደድም በዕንቁላል የተሞላ ነጭ ዓሣ ባይገዛ፣ በምትኩ ቀረሶን ቢመርጥ ለሐይቁ ይበጃል። ቀረሶ ወንዝ መውጣት የማያስፈልገው፣ እናቲቱ ዕንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ የምታሳድግ ዓሣ ነው።

ጦር ያለ ጸጸት የሚወረወርበት ወቅት የሚመጣው ከጥቅምት በኋላ ነው። የሜዳው ውኃ ሲሸሽ ወደ ሐይቁ ያልተመለሰው አምባዛ በጎድጓዳ ቦታዎች በቀሩ ኩሬዎች ውስጥ ይታገታል። በእርጥብ መሬት ላይ እየተሳበ ጥቂት ሊጓዝ ይችል ይሆናል፤ ኩሬው ሲደርቅ ግን አብዛኛው በዚያው ይሞታል፣ ወይም የወፍ ሲሳይ ይሆናል። እንዲህ ያለው ውኃ ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ ዓሣው በየጊዜው ለመተንፈስ ብቅ ሲል ይታያል። ማለዳ፣ ከብቶች ወርደው ውኃውን ሳያደፈርሱ በፊት፣ በአንድ በኩል ዳር ላይ ጎንበስ ብሎ መጠበቅ ነው። ትንንሾቹን በቅርጫት ሰብስቦ በውኃ በተሞላ ባልዲ ወደ ወንዙ መመለስ ከባድ ሥራ አይደለም፤ አምባዛ ከአየርም ስለሚተነፍስ መንገዱን ይችለዋል።