ተጨማሪ መረጃ፦ ክላስተርን በሰላም መዝጋትና መክፈት
በሐዋሳ ከተማ ቡሹሎ ውስጥ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥር የሚተዳደር የጤና ተቋም አለ። የእንዲህ ዓይነት ተቋም የሕሙማን መረጃ በአንድነት በሚሠሩ ብዙ ሰርቨሮች (ክላስተር) ተከፋፍሎ ቢቀመጥና መብራት እንደሚቋረጥ አስቀድሞ ቢነገር፣ ባለሙያው ሁሉንም በአንድ ጊዜ አያጠፋም።

ሴጅ ዌል በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ ለዶክትሬቱ የሠራውን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በጥናት ጽሑፍ የቀረበውን ሴፍ የተባለ የመረጃ ማከማቻ ሶፍትዌር ለምሳሌ እንውሰድ። ሴፍ እያንዳንዱን መረጃ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ቅጂ ይይዛል። አንድ ዲስክ ለ10 ደቂቃ ያህል ከጠፋበት ከአባልነት ያወጣውና የጎደለውን ቅጂ በሌሎች ዲስኮች ላይ እንደገና መሥራት ይጀምራል። በብልሽት ጊዜ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ሆን ተብሎ ሲዘጋ ግን ያለ ጥቅም ዲስኩንም ኔትወርኩንም ያደክማል።

ስለዚህ አስቀድሞ መረጃውን የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች ይቆማሉ፤ የክላስተሩ ጤንነት ይታያል። የተጓደለ ቅጂ ካለ መዝጋቱ ይቆይ! ቀጥሎ «ኖአውት» የተባለው ትእዛዝ ይሰጣል፤ የጠፋ ዲስክ ከአባልነት እንዳይወጣ ያግዳል። ከዚያ ዲስክ የያዙት ሰርቨሮች፣ በመጨረሻም አባላትን የሚቆጣጠሩት ሞኒተሮች ይዘጋሉ።

ሲከፈት ሞኒተሮች ይቀድማሉ። 3 ከሆኑ ቢያንስ 2ቱ ካልተገናኙ ክላስተሩ አይሠራም። ዲስኮቹ ሁሉ ሲመለሱ ኖአውት የግድ መነሣት አለበት፤ ከተረሳ ነገ በእውነት የተበላሸ ዲስክ ቅጂው ሳይተካ ይቀራል። የጤና ተቋሙ የካርድ ክፍል ኮምፒውተሮች የሚገናኙት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።