ሐኪሙ እርግጠኛ ባልሆነ ጊዜ

ክረምቱ ወጥቶ የወባ ወቅት ሲገባ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ በቆላና በወይና ደጋ ከተሞች ወደ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ከሚመጣው ሰው ብዙው ትኩሳት ያለበት ነው። ራሱን ያመዋል፣ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ይቆረጥመዋል፣ እህል አያሰኘውም። ወባ ሊሆን ይችላል። ታይፎይድ፣ ታይፈስ፣ በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት፣ ወይም ከጥቂት ቀን በኋላ በራሱ የሚለቅ የቫይረስ ሕመምም ሊሆን ይችላል። ከጠረጴዛው ወዲያ የተቀመጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ የመጨረሻ ዓመት ኢንተርን ወይም ተመርቆ ዓመት ያልሞላው ጠቅላላ ሐኪም ነው። ታማሚው ይዞት የመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ ምንድን ነው ያመመኝ?»

በመጀመሪያው ቀን የዚህ ጥያቄ እውነተኛ መልስ ብዙ ጊዜ «ገና አልለየም» ነው። ታማሚው ግን ይህን ሳይሰማ የበሽታ ስምና የመድኃኒት ወረቀት ይዞ ይወጣል። ጥፋቱን በሐኪሙ ላይ ብቻ መጣል ቀላል ነው፤ ነገሩ ግን ከሥልጠናው፣ ከላቦራቶሪውና ከእኛ ከታካሚዎቹም ጋር የተያያዘ ነው።

ጉዳዩን ቀድመው ካጠኑት መካከል አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ረኔ ፎክስ ይገኛሉ። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጡት ጽሑፍ፣ ተማሪው የሚገጥመውን አለማወቅ በሦስት ከፈሉት። አንደኛው በሙያው የታወቀ ሆኖ ተማሪው ገና ያልያዘው ነው፤ በንባብና በልምድ ይቀንሳል። ሁለተኛው ሕክምና ራሱ ያልደረሰበት ነው፤ ይህን የትኛውም ፕሮፌሰር አያውቀውም። ሦስተኛው እነዚህን ሁለቱን መለየት አለመቻል ነው። ከሁሉ ከባዱ ይህ ሦስተኛው ይመስለኛል። ሌሊት ተረኛ ሆኖ ብቻውን የቆመ ኢንተርን የታማሚው ምልክት ግራ ሲያጋባው፣ «እኔ ስላላነበብኩ ነው ወይስ ማንም ቢሆን አሁን ሊለየው አይችልም?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። የመጀመሪያው ከሆነ ሲኒየሩን፣ ማለትም ከበላዩ ያለውን ሐኪም፣ መቀስቀስ አለበት። ሁለተኛው ከሆነ ለታማሚው በግልጽ ነግሮ እየተከታተለ መጠበቅ ይችላል። የትኛው እንደሆነ ሲጠፋው ሲኒየሩንም አይቀሰቅስም፣ ለታማሚውም አይነግርም፤ ዝም ይላል። ዝምታው ደግሞ ለታማሚው እርግጠኝነት ይመስለዋል።

ዝም ማለቱን የሚማረው እዚያው ዋርድ ውስጥ ነው። በማስተማሪያ ሆስፒታሎች ብዙው ነገር የሚለመደው አልጋ ዳር፣ በራውንድ ላይ ነው። ኢንተርኑ የታማሚውን ታሪክ ያቀርባል፣ ስፔሻሊቲ የሚማረው ሬዚደንት ያርማል፣ ሲኒየሩ ይጠይቃል። የተጠየቀው «አላውቅም» ካለ በባልደረቦቹ፣ በነርሶቹና በታማሚው ፊት ሊገሠጽ ይችላል። ስለዚህ አለማወቅን ከማመን ግምትንም ቢሆን በድፍረት መናገር ይሻላል የሚል ልማድ ቀስ እያለ ይገባል። ፈተናውም ያግዘዋል። የምርጫ ጥያቄ ትክክለኛ መልሱ አንድ ነው፤ «ነገ ደግሜ ልየው» የሚል ምርጫ እምብዛም አይገኝበትም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሲምፕኪንና ሽዋርትዝስታይን የተባሉ ሐኪሞች በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ ሕክምናው እርግጠኛ አለመሆንን አምኖ ለመቀበል አለመፍቀዱን ነቅፈዋል። የሚናገሩት ስለ አሜሪካ ቢሆንም የእኛን ራውንድ የሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

በእኛ ዘንድ ግን ትልቁ መሸሸጊያ ላቦራቶሪው ነው። «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ» ብሎ የማያውቅ የከተማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ይህን ስም የሚሰጡት ሁለት አሮጌ ምርመራዎች ናቸው። ለታይፎይድ የሚሠራው ዊዳል ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1896 ያስተዋወቀው ሲሆን፣ ለታይፈስ የሚሠራው ዌይል ፌሊክስ ደግሞ በ1916 የመጣ ነው። ሁለቱም የሚፈልጉት ተሕዋሱን ራሱን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ ፀረ እንግዳ አካል ቀደም ሲል ከነበረ ሕመም የተረፈ ወይም ሌላ ተሕዋስ የቀሰቀሰው ሊሆን ይችላል። ታይፎይድ በሚበዛበት አገር ጤነኛ ሰው ቢመረመርም «ፖዘቲቭ» ሊወጣ ይችላል። የዊዳል ውጤት እንዲታመን ምርመራው ከሳምንት በላይ ቆይቶ ተደግሞ መጠኑ ከፍ ሲል መታየት አለበት፤ ይህን የሚያደርግ ክሊኒክ ስንት ነው? የተሻለው ተሕዋሱን ራሱን ከደም አሳድጎ የሚያሳየው የደም ካልቸር ነው፤ እሱ ግን ቀናት ይወስዳል፣ በአብዛኛው ጤና ጣቢያም አይሠራም።

ጀማሪው ሐኪም ይህን ሁሉ ተምሮታል። ሰልፉ እየረዘመ፣ ታማሚው ከፍሎ ያስመረመረውን ውጤት ይዞ ፊቱ ሲቆም ግን «ይህ ወረቀት ብዙም አይነግረንም» ማለት ይከብደዋል። ወረቀቱ ለሕመሙ ስም ሰጥቷል፤ ስሙ ሁለቱንም ይገላግላቸዋል። ታማሚው አንቲባዮቲክ ይዞ ይሄዳል። ትኩሳቱ በራሱ የሚለቅ ከነበረ መድኃኒቱ ያዳነው ይመስለዋል፣ በሚቀጥለውም ዓመት ያንኑ ይጠይቃል። ሌላ በሽታ ከነበረ ጊዜው ባክኗል። ባክቴሪያዎቹም መድኃኒቱን እየለመዱት ይሄዳሉ።

የተገላቢጦሹም አለ። በኤርትራና በኢትዮጵያ፣ በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት ፈጣን የወባ መመርመሪያ የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመርት የወባ ጥገኛ ተገኝቷል። እንዲህ ባለ ቦታ በዚህ መመርመሪያ «ነጌቲቭ» የሚል ውጤት ወባ የለም ማለት ላይሆን ይችላል። ታማሚውን የሚጠቅመው ሐኪሙ ጥርጣሬውን ሳይጥል «ካልተሻለህ ነገ ተመለስ፣ በማይክሮስኮፕ እናየዋለን» ማለቱ ነው።

ታዲያ እርግጠኛ አይደለሁም ያለ ሐኪም አመኔታ አያጣም? አነጋገሩ ይወስነዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ወላጆች የታመመ ልጅ ያየን ሐኪም እንደ አነጋገሩ እንዲመዝኑ አድርጎ ነበር። በደፈናው «ምን እንደሆነ አላውቅም» ያለው ሐኪም ዝቅ ያለ አመኔታ አገኘ። ሊሆኑ የሚችሉትን በሽታዎች የዘረዘረው ወይም ይበልጥ የሚጠረጥረውን የጠቀሰው የተሻለ ታመነ። ሁለቱም እርግጠኛ አልነበሩም፤ ወላጁን ግን ባዶ እጁን አልሸኙትም።

እንግሊዛዊው የቤተሰብ ሐኪም ሮጀር ኔይበር እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሐኪም ታማሚውን ከመሸኘቱ በፊት ራሱን ሊጠይቅ የሚገባውን አስቀምጠዋል፦ ግምቴ ልክ ከሆነ ምን ይከተላል? ከተሳሳትኩ በምን አውቃለሁ? ያኔስ ምን አደርጋለሁ? በእኛ ክሊኒክ እንዲህ ሊባል ይችላል፦ «እማማ፣ የልጅ ልጅዎን ደም አይተናል፣ ወባ አልታየም። አተነፋፈሱም ደህና ነው። እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ ግን ገና እርግጠኛ አይደለሁም። እስከ ከነገ ወዲያ ትኩሳቱ ካልለቀቀው መልሰው ያምጡልኝ። መጠጣት ካቃተው፣ የቀመሰውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንዘፈዘፈው ወይም ከደነዘዘ ግን ሌሊትም ቢሆን ይምጡ።» እነዚህ አራት ምልክቶች ከየትም የመጡ አይደሉም፤ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ባዘጋጁት፣ በጤና ጣቢያዎቻችን በሚሠራበት የሕፃናት ሕክምና መመሪያ ውስጥ ያሉ የአደጋ ምልክቶች ናቸው። ይህን ሁሉ መናገር ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ሰልፉ ስለበዛ አልተናገርኩም የሚለው ምክንያት በከፊል ብቻ እውነት ነው።

ከትኩሳት የከበደ ነገር ሲጠረጠር ጥያቄው ይወሳሰባል። የናሙናው ውጤት ሳይመጣ «ካንሰር ሊሆን ይችላል» የሚለውን ማን ይስማው? አስታማሚዎች ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ይዘው «ለእሱ እንዳትነግረው» ይላሉ። ተመራማሪዋ የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ጽሑፍ፣ አሜሪካ የገቡ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ክፉ ዜና በቀጥታ ሲነገራቸው እንደ ጭካኔ ይቆጥሩት እንደነበር፣ የእነሱ ወግ ለቅርብ ዘመድ ቀድሞ መንገር እንደሆነ አስረድተዋል። ወጉን አከብራለሁ፤ ብዙ ሰው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ጠብቋል። ግን የሚወስነው ዘመድ ብቻ መሆን የለበትም። ምርመራው ሲታዘዝ፣ ገና ምንም ሳይታወቅ፣ ሐኪሙ ታማሚውን «ውጤቱ ሲመጣ ለማን ልንገር? ማን አብሮህ ይሁን?» ብሎ ቢጠይቀው ወጉም የታማሚው መብትም ይጠበቃል።

አለማወቅን በዝምታ የመሸፈኑን ልማድ ከሁሉ በላይ መለወጥ የሚችሉት ሲኒየሮች ናቸው። በራውንድ ላይ አንድ ስፔሻሊስት «እኔም አልለየልኝም፣ የሚቀጥለው እርምጃችን ይህ ነው» ሲል የሰማ ኢንተርን፣ ያንኑ ለታማሚው ለመናገር ይደፍራል። አንባቢም የራሱ ድርሻ አለው። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ሌላ ምን ሊሆን እንደሚችል፣ ምን ስታዩ መመለስ እንዳለባችሁና መቼ መመለስ እንዳለባችሁ ጠይቁ። ካልተሻላችሁ ወደ ሌላ ክሊኒክ ሄዳችሁ እንደ አዲስ ከመጀመር፣ የቀድሞ ውጤቶቻችሁን ይዛችሁ መጀመሪያ ወዳያችሁ ሐኪም ተመለሱ።