በፎገራ የሠርግ ዳስ የአዝማሪ ነቀፌታና ወጣት ሰሚው

በወረታና በፎገራ ሜዳ፣ እንደ ሌላው የጎንደር አገር ሁሉ፣ ወጣት ልጅ በአደባባይ የሚነገር ነቀፌታን ከሚሰማባቸው ስፍራዎች አንዱ የሠርግ ዳስ ነው። ታላቅን መድፈር ነውር መሆኑን ተምሮ ያደገ ልጅ፣ አዝማሪው ማሲንቆውን እየመታ ባለጸጋውን በንፉግነቱ ሲሸነቁጠው፣ የተነካውም ሰው ስቆ ሲሸልመው ባየ ጊዜ እጅግ ይደነቃል።

የነገሩም ሥርዓት እንዲህ ነው። ከእንግዶቹ አንዱ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ያንኑ በዜማ ይመልሳል። ስለዚህ በነቀፌታው ሰጪውን ወይም ዘፋኙን ለይቶ መክሰስ ያስቸግራል። ቃሉም ሰምና ወርቅ ሲኖረው፣ ልጁ በሰሙ ይስቃል፤ ታላላቆቹ ስለ ምን ዝም እንዳሉ ሲመረምር ግን ወርቁን ያገኛል።

ይህ የመናገር ፈቃድ ዘወትር የተከበረ አልነበረም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ የኢጣልያ ሹማምንት ከጠንቋዮች ጋር ተዘዋዋሪ አዝማሪዎችንም እየያዙ አስገድለዋል፤ የአዝማሪው ቃል በየገበያውና በየዳሱ ሕዝብን ያነሣሣል ብለው ፈርተው ነበርና።

እንግዲህ የአዝማሪን ግጥም የሚሰበስብ ሰው ቃሉን ብቻ መጻፍ አይበቃውም፤ ግጥሙን ማን እንደ ሰጠ፣ ማን እንደ ተነካ፣ ማን እንደ ሳቀና ማን ዝም እንዳለ ጭምር ይመዝግብ።