ከኪስ ካሜራ ወደ ባለመስተዋት ካሜራ

ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰፈር ልጆች ሒሳብ እያስጠናሁ ባጠራቀምሁት ገንዘብ ካኖን ኢኦኤስ 1100ዲ የተባለውን ያገለገለ ካሜራ ለመግዛት ባሰብሁ ጊዜ፣ አባቴ «ትንሿ ካሜራ ምን አጠፋች? እርሷም እኮ ታነሣለች» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በየቤቱ ለመጽሐፍና ለልብስ የሚፈለግ ገንዘብ ሳለ፣ ለአንድ ዕቃ ብዙ ብር የሚያወጣ ልጅ ምክንያቱን ማስረዳት ይገባዋል። ስለዚህ በዚህች አጭር ጽሑፍ ሁለቱ ካሜራዎች በምን እንደሚለያዩና ትልቁ ለማን እንደሚጠቅም በተቻለኝ መጠን እገልጻለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የኪስ ካሜራ የምንላት ትንሿ ካሜራ አብዛኛውን ሥራ የምትሠራው በራሷ ነው። እኛ ወደምንፈልገው ነገር አነጣጥረን ቍልፏን እንጫናለን፤ ብርሃኑን የምትለካ፣ ጊዜውን የምትወስን፣ ፍላሹን የምታበራ እርሷ ናት። የእጅ ስልክ ካሜራም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ እንዲያውም ዛሬ ብዙዎቹ ስልኮች በተከታታይ ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በስሌት አዋሕደው አንድ አድርገው ያቀርባሉ። ፀሐይ በደመቀበት ሰዓት፣ ደጅ ለቆመ ሰው፣ ይህ ሁሉ ያለ ችግር ይሠራል። ችግር የሚመጣው ብርሃን ሲያንስ፣ የሚነሣው ሰው ሲሮጥ፣ ወይም የካሜራዋ ውሳኔ ከእኛ ፍላጎት ጋር ሳይስማማ ሲቀር ነው።

ትልቁ ካሜራ «ዲኤስኤልአር» ይባላል። ልዩ ምልክቱ በውስጡ ያለው መስተዋት ነው። በሌንሱ የገባው ብርሃን አዘንብሎ በተቀመጠው መስተዋት ላይ አርፎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያም በሌሎች መስተዋቶች ወይም ፔንታፕሪዝም በተባለ ባለ ብዙ ገጽ ብርጭቆ ተመልሶ ወደ ዓይናችን ይደርሳል። ይህም በመሆኑ የምናየው ሌንሱ የሚያየውን ራሱን ነው። ቍልፉን ስንጫን መስተዋቱ ብድግ ይላል፤ መዝጊያው ይከፈታል፤ ብርሃኑም ከኋላ ባለው ሴንሰር ላይ ያርፋል።

ዘዴው በፊልም ካሜራ ዘመን የተጀመረ ነው። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚሠራው ባለመስተዋት ኤግዛክታ በ1936፣ ፔንታፕሪዝም ያለው ኮንታክስ ኤስ በ1949፣ በጋዜጠኞች ዘንድ ዝነኛ የሆነው ኒኮን ኤፍ ደግሞ በ1959 ወጡ። ፊልሙ በሴንሰር ተተክቶ በ1999 ኒኮን ዲ1 ሲመጣ 2.7 ሜጋፒክሰል ብቻ ነበረው፤ ዋጋውም ለባለሙያዎች እንጂ ለተማሪ የሚቀመስ አልነበረም። በ2003 የወጣው ካኖን ኢኦኤስ 300ዲ ግን ያለ ሌንስ ከ1,000 የአሜሪካ ዶላር በታች በመሸጡ፣ ይህን ዓይነቱን ካሜራ ወደ ተራው ሰው እጅ አቀረበው።

ከመስተዋቱ ይልቅ ለፎቶግራፉ ጥራት የሚበልጠው የሴንሰሩ ስፋት ነው። የብዙዎቹ የኪስ ካሜራዎች ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ያኽላል፤ ይህም ከትንሿ ጣታችን ጥፍር ያነሰ ነው። የ1100ዲ ሴንሰር ግን 22 በ14.7 ሚሊ ሜትር በመሆኑ በስፋት 11 እጥፍ ያኽል ይበልጣል። ዝናብ ሲዘንብ ሲኒና ገበቴ ጎን ለጎን ብናስቀምጥ ብዙ ውሃ የሚሰበስበው የትኛው ነው? ብርሃንም እንደዚሁ ነው። የቤታችን ትንሿ ካሜራ 16 ሜጋፒክሰል፣ ትልቁ ግን 12.2 ሜጋፒክሰል ብቻ ሲኖራቸው፣ በምሽት የተሻለ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ትልቁ ነው። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የሜጋፒክሰል ቍጥር ብቻ አያታልለን።

በትልቁ ካሜራ የሚሠራ ሰው ሦስት ነገሮችን ራሱ መወሰን ይችላል። አንደኛው የሌንሱ ቀዳዳ ነው። መጠኑ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16 እየተባለ ይጠራል፤ ቍጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል፤ ከአንዱ ወደ ሚቀጥለው ቍጥር በወጣን መጠንም ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል። ቀዳዳው ሲሰፋ ከሰውየው በስተኋላ ያለው ነገር ይደበዝዛል፤ ሲጠብ ግን ቅርቡም ሩቁም ጥርት ብሎ ይታያል። ሁለተኛው መዝጊያው ተከፍቶ የሚቈይበት ጊዜ ነው። በ1/500 ሰከንድ የተነሣ የእግር ኳስ ተጫዋች እግሩን እንዳነሣ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ በ1/30 ሰከንድ ግን ይደበዝዛል። ሦስተኛው «አይኤስኦ» የተባለው ነው። ይህ ከሴንሰሩ የመጣውን ምልክት ያጐላል እንጂ ብርሃን አይጨምርም፤ ስለዚህ ከ100 ወደ 1600ና ወደ 6400 ስናሳድገው ፎቶግራፉ ላይ እንደ አሸዋ ያለ ነቍጥ ይበዛል።

ሦስቱም እንደ ሚዛን የተያያዙ ናቸው። አይኤስኦው ሳይለወጥ፣ በቀዳዳ 4ና በ1/125 ሰከንድ የተነሣ ፎቶግራፍ በቀዳዳ 2.8ና በ1/250 ሰከንድ ከተነሣው ጋር ድምቀቱ እኩል ነው። ከአንዱ የተወሰደው በሌላው መመለስ አለበት።

ይህ እውቀት ምን እንደሚጠቅም በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። አያቴ ከመታወቂያቸው ፎቶግራፍ በቀር ሌላ አልነበራቸውም። ቤታቸው አንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ ያለው ሲሆን፣ ፍላሽ ዓይናቸውን ስለሚወጋቸው ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። እኔም ከፎቶግራፍ ክበባችን የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ተዋስሁ፤ የዚህ ሌንስ ቀዳዳ እስከ 1.8 ይከፈታል። ይህም ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ ተስቦ ከሚሰጠው 5.6 ጋር ሲነጻጸር 10 እጥፍ ያኽል ብርሃን ያስገባል። አያቴ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ቡና ሲቈሉ፣ በአይኤስኦ 800ና በ1/100 ሰከንድ ያለ ፍላሽ አነሣኋቸው። በ5.6 ቢሆን ኖሮ 1/10 ሰከንድ ያስፈልገኝ ነበር፤ የሚቈላው እጃቸውም ባልታየ ነበር። በፎቶግራፉ ላይ የፊታቸው መስመርና የቡናው ጢስ ሳይቀር ይለያል። አባቴም ራሳቸው በመስተዋት አስገብተው ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

በበዓል ቀን ነጭ ለብሰው የቆሙ እናቶችን ስናነሣ ደግሞ ነጠላቸው ዐመድማ መስሎ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ምክንያቱም የካሜራው የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ስለሚገምት፣ ብዙ ነጭ ሲያይ ብርሃኑን ይቀንሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ባለበት ቍልፍ አንድ ደረጃ መጨመር ነው። ይህ ቍልፍ በብዙ የኪስ ካሜራዎችም ላይ ስለሚገኝ፣ ትልቁን ያልገዛ ተማሪም ዛሬውኑ ሊሞክረው ይችላል።

ትልቁ ካሜራ ጉዳትም አለው። ከነሌንሱ 700 ግራም ያኽል ስለሚመዝን ኪስ አይገባም። ሌንሱ ሲቀየር አቧራ ይገባል። ከዚህም በላይ አንድ ሌንስ የገዛ ሰው ሁለተኛውን መመኘቱ አይቀርም። ዛሬም ካሜራ ሠሪዎች መስተዋት ወደሌለው ዓይነት አዘንብለዋል፤ ካኖንና ኒኮን ከ2020 ወዲህ አዲስ ባለመስተዋት ካሜራ አላወጡም። ሆኖም ስለ ቀዳዳ፣ ስለ ጊዜና ስለ አይኤስኦ የተማርነው በአዲሱም ዓይነት ያው ስለ ሆነ፣ ያገለገለውን በርካሽ ለሚያገኝ ተማሪ ይህ ጉዳት ሳይሆን ዕድል ነው።

ያገለገለ ካሜራ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት ሦስት ነገሮችን ይመርምር። ሌንሱን ወደ ብርሃን አቅንቶ ሻጋታ እንደሌለበት ይይ። በቀዳዳ 16 ነጭ ግድግዳ አንሥቶ ጥቍር ነጠብጣብ ቢያይ ሴንሰሩ ላይ አቧራ እንዳለ ይወቅ። ቅርብና ሩቅ ያለ ነገር እያነሣ ሌንሱ በትክክል ማነጣጠሩን ይፈትን።

እንግዲህ ትልቁን ካሜራ ማን ይግዛ? ለልደትና ለጉዞ መታሰቢያ ብቻ የሚያነሣ ሰው በትንሿ ወይም በስልኩ ቢሠራ ይበቃዋል። ነገር ግን የትንሿን ቍልፎች ሁሉ ሞክሮ፣ «እዚህ ላይ ብርሃን አነሰኝ፤ እዚያ ላይ ፍጥነት አነሰኝ» ብሎ የጎደለውን በስሙ መጥራት የቻለ ተማሪ፣ ትልቁን ቢገዛ ገንዘቡ አይባክንም። የጎደለውን ያላወቀ ግን ውድ ካሜራ ይዞም የሚያነሣው ያንኑ የቀድሞውን ፎቶግራፍ ነው። ለመማር የሚፈልግ ጓደኛ ቢኖር፣ ካሜራዬን ይዤ ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ በክበባችን ክፍል እገኛለሁና ይምጣ።