ሣር ስለሚተነፍስበት ቀዳዳ

በአዲስ አበባ በግቢያቸው ሣር ያስተከሉ ሰዎች ማጠጣትንና ማጨድን ያውቃሉ፤ ፍግ መጨመርንም የማይረሱ አሉ፤ መሬቱን መብሳት ግን፣ በእኔ አስተያየት ከእነዚህ ከሦስቱ የማያንስ ግብር ሲሆን፣ ከስታዲየምና ከጎልፍ ሜዳ ጠባቂዎች በቀር የሚያስበው ሰው እምብዛም አይገኝም።

ሥር እንደ ማናቸውም ሕይወት ያለው ፍጥረት ይተነፍሳል፤ ኦክስጅን ይስባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ሊቃውንት አራቱ ባሕርያት ከሚሏቸው መካከል ሦስቱ፣ መሬትና ውኃ ነፋስም፣ በመልካም አፈር ውስጥ ተስማምተው ይኖራሉና፣ ከአፈሩ ይዘት እኩሌታው ያህል ደረቅ አካል፣ የቀረው እኩሌታ ደግሞ ውኃና አየር የሚካፈሉት ክፍት ቦታ ቢሆን ይመረጣል። መሬት ሲረገጥ አስቀድሞ የሚጠፋው ሰፊው ቀዳዳ፣ ማለት የነፋስ ድርሻ ነው፤ አፈሩም ዐይን እንዳላወጣ እንጀራ ድፍን ሆኖ ይቀራል። ያን ጊዜ ዝናቡ መስረጉን ትቶ በላዩ ይተኛል፤ ኦክስጅን ደግሞ በውኃ ውስጥ ሲሰርጽ በአየር ውስጥ ከሚሰርጽበት 10,000 ጊዜ ያህል የሚዘገይ ስለ ሆነ፣ በሐምሌ ውኃ የተኛበት ሣር በዚያ ሁሉ ርጥበት መካከል ትንፋሽ አጥሮት ቢጫ ይሆናል። ባለቤቱም ነገሩ የምግብ እጦት መስሎት ማዳበሪያ ይነሰንስበታል።

ገበሬ ይህን ጣጣ በገመሳ፣ በአይማና በስልሳ ያስወግደዋል። የጤፍ ማሳስ በከብት ይረገጥ የለምን የሚል ተከራካሪ ቢነሣ፣ ያ መርገጥ ማሳው ተደጋግሞ ከታረሰ በኋላ ደቃቁ ዘር እንዲይዝ ላዩን ብቻ ማጥበቅ ነው፣ ለሚመጣውም ዓመት እንደ ገና ይታረሳል ብዬ እመልስለታለሁ። የግቢ ሣር ግን ተተክሎ የሚኖር ስለ ሆነ ማረስ ማጥፋት ነው፤ ስለዚህም መብሳት የሣር እርሻው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ብዙ ሰው ግን መብሳትንና መውጋትን አንድ ያደርጋል። በአንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ አትክልተኛው ሚስማር የተመታበት ጣውላ ከጫማው ሥር አስሮ በሣሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ አግኝቼው ምን እንደሚሠራ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ አየር እየሰጠሁት ነው፤ ጌታዬ ናቸው ያዘዙኝ» አለኝ። ቀዳዳው ለዐይን ያምር ነበር፤ ነገር ግን ሚስማሩ በገባበት ቦታ የነበረው አፈር ወዴት ሄደ? የትም አልሄደም፤ ወደ ጎንና ወደ ታች ተገፍቶ የቀዳዳውን ግድግዳ ከቀድሞው ይልቅ አጠበቀው፤ ርጥብ ሸክላ አፈር ሲሆን ደግሞ ግድግዳው ተለስኖ ውኃም ሥርም የማያልፍበት ይሆናል። የብረት ሹካ ወግቶ መነቅነቅ ፈጽሞ ከንቱ ነው አልልም፤ ክፍት ቦታ የሚገኘው ግን አፈር ሲወጣ እንጂ ሲገፋ አይደለም። ትክክለኛው መሣሪያ ጥርሱ ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ቱቦ ነው፤ ይህም በመሬት ገብቶ ሲወጣ፣ ጣት የሚያህል ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም የአፈር ጉማጅ ይዞ ወጥቶ በሣሩ ላይ ይጥላል። ለሰፊ ሜዳ በሞተር የሚሠራ መኪና አለ፤ ለግቢ ግን በእግር የሚረገጥ ባለ ሁለት ቱቦ መሣሪያ ይበቃል፤ ብልህ በያጅም ከቧንቧ ቁራጭ ሊሠራው ይችላል።

እነዚያን ጉማጆች በመጥረጊያ ሰብስቦ መጣል ንጽሕና የሚመስላቸውን ሰዎች አጥብቄ እወቅሳለሁ። በለምለሙ ቅጠልና በአፈሩ መካከል የሞተ ግንድና ሥር ተደራርቦ ምንጣፍ ይሠራል፤ ይህ ምንጣፍ ከ1 ሳንቲ ሜትር እየበለጠ ሲወፍር ውኃ ይከለክላል፤ ጉማጁ በዝናብ ሲፈርስ ግን በውስጡ ያሉት ረቂቃን ሕያዋን በምንጣፉ ላይ ወርደው ያበሰብሱታል። የምድር ትል ይህንኑ ሥራ ያለ ደመወዝ ይሠራል፤ ቻርልስ ዳርዊን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1881 ዓ.ም. ባሳተመው የትሎች መጽሐፍ፣ በብዙ የእንግሊዝ አገር ስፍራ ትሎች በአንድ ኤከር መሬት በዓመት ከ10 ቶን የሚበልጥ አፈር ወደ ላይ እንደሚያወጡ ጽፏል። በሣሩ ላይ ትናንሽ የአፈር ክምር አይቶ መርዝ የሚረጭ ሰው፣ እንግዲህ ማንን እንደሚገድል ይወቅ።

ጊዜው ሣሩ በርትቶ የሚያድግበት ነው፤ በከተማችን ለሚበዙት ለኪኩዩና ለሰርዶ የግንቦት መጨረሻና የሰኔ መግቢያ ይስማማል። አፈሩ ርጥብ ይሁን፣ በእጅ ሲያዝ ግን አይጣበቅ፤ በነሐሴ ጭቃ መብሳት መሬቱን ማቡካት ነው። ጥቁር መረሬ አፈር በበጋ ራሱን ስለሚሰነጥቅ መብሳት አያሻውም የሚሉ አሉ፤ ክረምት ሲገባ አብጦ ስንጥቁን እንደሚዘጋው ግን ዘንግተውታል። አሸዋማ መሬት ላይ ያለና እግር የማይበዛበት ሣር ይህን ድካም አይሻም፤ አዲስ የተተከለውም ሥሩ እስኪጸና አይነካ። የሠርግ ድንኳን የተተከለበት በየዓመቱ ይበሳ፤ መኪና የሚያቆሙበትን በተመለከተ ግን ምክሬ መኪናውን ከሣሩ ላይ ማውረድ ነው።