ሆስፒታል ሲሳሳት ለታካሚው ማን ይንገረው?

ኢምባካሲ፣ ናይሮቢ፦ በኢምባካሲ ከሚታወቁት የመንግሥት ሆስፒታሎች አንዱ ካንጉንዶ መንገድ ላይ ያለው ማማ ሉሲ ኪባኪ ነው። ሕመሙ ከበድ ካለ ታካሚው ወደ ኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል ይላካል። በዚሁ በኬንያታ በ2018 እ.ኤ.አ. የደረሰው ስሕተት ብዙዎችን ያስደነገጠ ነበር።

ሁለት ታካሚዎች ጭንቅላታቸውን ተጎድተው ተኝተዋል። አንደኛው አንጎሉ ውስጥ ደም ስለረጋ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል። ሁለተኛው እብጠት ብቻ ስለነበረው ያለ ኦፕራሲዮን የሚታከም ነው። የስም መለያቸው ተለዋወጠና ኦፕራሲዮን የማያስፈልገው ሰው ጭንቅላቱ ተከፈተ። ሐኪሞቹ ስሕተቱን ያወቁት የረጋ ደም ፈልገው ሲያጡ ነው።

ወሬው በጋዜጣ ወጣ። ሆስፒታሉ ማዘኑን ገለጸ፤ ባለሙያዎች ታገዱ፤ የጤና ሚኒስትሯ ሲሲሊ ካሪዩኪ የሆስፒታሉን ኃላፊ ሊሊ ኮሮስን የግዳጅ ፈቃድ አስወጡ። የታገደው ሐኪም ባልደረቦች ደግሞ እገዳውን ተቃወሙ። ክርክሩ ሁሉ ማን ይቀጣ የሚል ሆነ። ይሁን እንጂ ከቅጣቱ በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ ለታካሚውና ለቤተሰቡ እውነቱን ማን ይንገራቸው? ቤተሰብ ይህን ከጋዜጣ መስማት የለበትም።

ባለሙያው የሚደብቀው ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ እንጀራዬን አጣለሁ፣ እከሰሳለሁ ብሎ ይፈራል። በአሜሪካ ሌክሲንግተን ከተማ ያለው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ግን ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሌላ መንገድ ያዘ። ስሕተት ሲገኝ ታካሚውን ጠርቶ ይናገራል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ካሣም ይከፍላል። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው ሆስፒታሉ በዚህ አልከሰረም፤ ወጪው ከመሰሎቹ ጋር ሲነጻጸር መጠነኛ ነበር።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የምንለው ለታማሚ ነው። ለሆስፒታልም ይሠራል። የተደበቀ ስሕተት ነገ በሌላው ታካሚ ላይ ይደገማል።

እኛ ሐበሾች ደግሞ «ዶክተሩ ያውቃል»፣ «እግዜር ያለው ነው» ብለን ዝም እንላለን። ስደተኛ ሲሆኑ፣ ቋንቋውም ሲያስቸግር ዝምታው ይብሳል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የኬንያ የጤና ሕግ ግን ታካሚ ስለ ጤናው ሁኔታ በተቻለ መጠን በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ያዛል፤ አቤቱታ የማቅረብና አቤቱታው እንዲጣራለት የመጠየቅ መብትም ይሰጣል።

እርግጥ ነው፣ ሕመም የባሰበት ሁሉ በሐኪም ጥፋት አይደለም። ለዚህም ነው ከመወንጀል በፊት መጠየቅ የሚሻለው። ምን ሆነ? በሰውነቴ ላይ ምን ጉዳት አደረሰ? ከእንግዲህስ ምን ይደረግልኛል? መልሱን በወረቀት ይቀበሉ፤ የምርመራና የመድኃኒት ወረቀቶችን አይጣሉ። የሚያስተረጉምልዎ አዋቂ ሰው ይሁን እንጂ ሕፃን ልጅ አይሁን። አቤቱታ ካለ መጀመሪያ ለሆስፒታሉ አስተዳደር ይቀርባል፤ መልስ ከጠፋ ሐኪሞችን ወደሚቆጣጠረው የኬንያ የሐኪሞችና የጥርስ ሐኪሞች ካውንስል መሄድ ይቻላል።